የእህት ተዋበች ሦስት ደቂቃ

የእትዬ ተዋበችን ሞት የነገረችኝ ሐበሻ አይደለችም። ሩላ ናት፣ የኻልዳ ሰፈሯ ሩላ። ማክሰኞ ቀን ሰው ቤት መስኮት እየወለወልኩ ስልኬ ጮኸ፤ ገና «ሃሎ» ሳልል ልቅሶዋ ቀደመኝ። «ኻልቶ ቶታ ሞተች» አለችኝ። ኻልቶ አክስቴ እንደማለት ነው፤ ተዋበች ማለት አልሆንላቸው ሲል ደግሞ ቶታ ነው የሚሏት። ጨርቁን እንደያዝኩ መስኮቱ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ስድስት ዓመት አንድ ክፍል አብሬያት የኖርኩት እኔ ሳልሰማ፣ አንዲት ዮርዳኖሳዊት እንዴት ቀድማኝ ትሰማለች ብዬ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ከሐዘኑ በፊት ቅናት ያዘኝ። በኋላ ስጠይቅ የእትዬ ልጅ ማርታ ከአዳማ መጀመሪያ የደወለችው ለሩላ ነው። እናትየው በደብተሯ ላይ የሩላን ቁጥር ከእኔ ቁጥር በላይ ጽፋው ኖሯል።

አይ እትዬ! ሞተሽም ወረፋ ታስይዢኛለሽ።

ስለ እሷ ሳወራ ከየት እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። እሷ ብትሆን «ከባሰው ጀምሪ» ትለኝ ነበር፤ ስለዚህ ከባሰው ልጀምር። እትዬ ተዋበች ግግም ያለች ሴት ነበረች። ጎህ ሳይቀድ ትነሳና ትዘምራለች፤ ድምጿ ደግሞ በእውነቱ ለዝማሬ የተፈጠረ አልነበረም። ሰው ሲያረፍድ አትወድም። ሻይ ላይ ስኳር የሚያበዛ አትወድም። ከሁሉ በላይ ረጅም ወሬ አትወድም። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ነኝ፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያየሁትን ለመናገር ከአክስቴ ሠርግ የምነሳ ሰው ነኝ። «አንቺ ስንቴ» ትለኛለች ስሜን ጠርታ፣ «መጨረሻውን ንገሪኝ፤ ካስፈለገኝ ወደ ኋላ እጠይቅሻለሁ።» አለቀ። ወሬዬ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

የምንኖረው አማን ከተማ፣ ጀበል አል-ወይብደህ የሚባል ሰፈር ነው፤ ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው ረጅም ደረጃ አጠገብ፣ ድመት የሚተኛበት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል። ሁለታችንም በሰዓት የምንሠራ ነበርን፤ ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት። እሷ ከእኔ በዐሥራ ሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ አጭር፣ እጀ ትልቅ፣ መነጽሯን በላስቲክ ከአንገቷ ያሰረች ሴት። ስትሄድ ደግሞ አትያዝም።

ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያ ቀን ይዛኝ የሄደችበት ቤት ገና ስገባ ሳሎኑ አማረኝና የመስታወት ጠረጴዛውን መወልወል ጀመርኩ። ክንዴን ይዛ ወጥ ቤት ወሰደችኝና የምድጃውን በር ከፈተችው። ወይ ጉዴ! የስንት ወር ቅባት ጠቁሮ ተጋግሯል።

«ሳሎኑን ማንም ይወለውለዋል» አለችኝ። «ማዳሟ የምታፍርበት ቦታ የት እንደሆነ ፈልጊ። እዚያ ጀምሪ። ያን ካጸዳሽላት ሌላውን አትቆጣጠርሽም።»

እውነቷን ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አዲስ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው ምድጃውን ነው።

አርብ አርብ ደግሞ ሌላ ሰው ናት። አርብ የአማን ዕረፍት ነው፤ ሰው ቤት የሚያድሩት ልጆች ፈቃድ ካገኙ የሚወጡት ያን ቀን ነው። እኛ ጴንጤዎቹ ወይብደህ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለሦስት ሰዓት ያህል እንከራይ ነበር። አብዱንና ኻልዳ ከሚባሉት የሀብታም ሰፈሮች የሚመጡትን ልጆች አሠሪያቸው በመኪና ያደርሳቸዋል፣ በመኪና ይወስዳቸዋል። መኪናው በር ላይ ጡሩንባ ከነፋ ጸሎት በይው ስብከት በይው፣ ጥሎ መሮጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ አንድ ቃል ሳትተነፍስ የከረመች ልጅ ደግሞ ለምስክርነት ማይክ ስትይዝ ይታያችሁ። ከተወለደችበት ቀበሌ ትጀምራለች! አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ሦስት አርብ ሙሉ ተራዋን ጠብቃ ሳይደርሳት በሦስተኛው እያለቀሰች መኪና ውስጥ ስትገባ እትዬ አየቻት። በሚቀጥለው አርብ ቲማቲሟን ይዛ መጣች።

ቲማቲም ስል የሚበላውን አይደለም። እንቁላል ሲቀቀል ደቂቃ የምትቆጥር የወጥ ቤት ሰዓት ናት፤ ቀይ፣ ክብ፣ አናቷ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያላት። ጠምዘዝ ታደርጊያታለሽ፣ ቲክ ቲክ ትላለች፣ ሲሞላ ትጮሃለች። አብዱን ውስጥ እትዬ መጀመሪያ የተቀጠረችላቸው አሮጊት፣ ማማ የምትላቸው፣ የሰጧት ናት። እትዬ ፊት ወንበር ላይ ቲማቲሟን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ትላለች። ሦስት ደቂቃ። ቲማቲሟ ከጮኸች ዓረፍተ ነገርሽ መሀል ላይ ብትሆኚም ማይኩን ታስረክቢያለሽ።

ሕግም አወጣች። ሰላምታ አይበዛም። ስብከት ለሰባኪው ይተዋል። ከባሰው ይጀመራል፤ የወደቅሽበትን ሳትነግሪን የተነሳሽበትን አንሰማም። ከሁሉ የጸናው ደግሞ ያልሆነ ነገር አይመሰከርም የሚለው ነው። ተናጋሪዋ ነገር ማሳመር ስትጀምር እትዬ ምንም አትልም፤ ቀኝ እጇን ትዘረጋለች፣ መዳፏ ወደ ላይ፣ ዕቃ አቀብዪኝ እንደሚል ሰው። ያየሽውን ስጪን ማለቷ ነው። ያ እጅ ስንቷን አሰባስቧታል መሰላችሁ።

አንዷ የካናዳ ቪዛ ተሰጠኝ ብላ ልትመሰክር ወጣች። «እጅሽ ላይ ነው?» አለቻት እትዬ። «በእምነት ተቀብዬዋለሁ» አለች ልጅቷ። «እሰይ። በእጅሽም ስትቀበዪ ትነግሪናለሽ፤ ተቀመጪ።» ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ፤ ልጅቷ ሁለት ወር እትዬን አላናገረቻትም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሰባኪ «ከስብከቴ በፊት አጭር ምስክርነት አለኝ» ብሎ ጀመረና ቲማቲሟ ጮኸችበት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ሊቀጥል ሲል እትዬ ተነስታ አጠገቡ ቆመች። ሰጣት፣ ማይኩን። ስብከቱን በኋላ በትሕትና ሰበከ።

ሩላን ያገኘኋት በዚህ መሀል ነው። እትዬ ሰኞና ሐሙስ ኻልዳ የሩላ እናት ቤት ትሠራ ነበር፤ ሥራ የበዛ ዕለት እኔንም ትወስደኛለች። ሩላ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ንግድ ነው የምታጠናው። ዓመቱ የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ ወራት የቀሩት ነው። አንድ ሰኞ ሳሎን ስንደርስ ልጅቷ መስተዋት ፊት ቆማ ወረቀት ይዛ ትለፈልፋለች፤ ትንፋሽ የላት፣ ነጥብ የላት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንግድ ሐሳብ ውድድር ነበረባት። እያንዳንዱ ተማሪ ዳኞች ፊት አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ ያሸነፈው ገንዘብና የአንድ ዓመት ድጋፍ ያገኛል፤ የፈቃዱንም ጣጣ ይጨርሱለታል። የእሷ ሐሳብ በኢንተርኔት ምሳ የሚታዘዝበት ገጽ ነበር።

እትዬ መወልወያውን ተደግፋ ሰማቻት፣ ሰማቻት፣ ከዚያ አልቻለችም።

«ኻላስ፣ ያ ቢንቲ» አለቻት። በቃ ልጄ ማለቷ ነው። «ይህን ምሳ ማን ለመነሽ?»

ሩላ ዞረች። ተቆጣች መሰለኝ። «ማንም አልለመነኝም። ገበያው ገና ወደፊት...»

«ወደፊት የሚሆነውን ተዪው። ሠርተሽው ታውቂያለሽ? አንድ ሰው ምሳ ልከሽለት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ምኑን ነው የምትመሰክሪው?»

እኔ ሶፋው ሥር መግባት አማረኝ። ሠራተኛ እንዲህ ብሎ የቤቱን ልጅ ይናገራል? ሩላ ግን ወረቀቱን አስቀመጠችና «አንቺን ሰው ምን ይለምንሻል?» አለቻት። ጎበዝ ልጅ! እትዬም ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ያን ጠዋት ብቻ ሦስት ማዳሞች ደውለዋል፤ ሰው ቤታቸው እንዲያድር አይፈልጉም፣ ለአራት ሰዓት የሚሠራላቸው ነው የቸገራቸው። «እኔ ደግሞ አንድ ነኝ» አለች እትዬ። «ሴቶቹ ሞልተዋል። ወረቀታቸውን የሚይዝላቸው ነው የጠፋው።»

የሩላ ሐሳብ እዚያ ሳሎን ውስጥ ተለወጠ። የሴቶቹን ወረቀት በራሱ ስም የሚያወጣ፣ በሰዓት ወደየቤቱ የሚልክ ኩባንያ። ለሌላ ሰው ሐሳብ ብቻ ነው። ለእትዬ ግን የመኖር ጉዳይ ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እዚህ አገር ሰው ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚያገኘው በአሠሪው ስም ነው፤ አሠሪው ከፊል ይባላል። የእኔ በቀድሞ ማዳሜ ስም ነበር፤ የእትዬ ደግሞ በአብዱኗ አሮጊት ስም። ማማ በእርጅና እየደከሙ ሲሄዱ «ውጪ ሠርተሽ ብዪ፣ ወረቀትሽ በእኔ ይቆይ» ብለው ፈቀዱላት፤ ደግ ሴት ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው የብርድ ወራት ሞቱ። ልጆቻቸው ደግሞ እኛ አናውቃትም ብለው አላደሱላትም። ከዮርዳኖስ መውጣት ትችላለች፤ መመለስ ግን የለም። ማርታን ደግሞ በስምንት ዓመቷ ጥላት እንደመጣች ዐሥር ዓመት አላየቻትም። ልጅቷ ያን ዓመት ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ የምታስተምራት እናቷ ናት። ስለዚህ እትዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለሚሌኒየሙ ሄዳ ልጇን አይታ፣ ሥራዋ ላይ ተመልሳ፣ ኮሌጁን ማስጨረስ። ሩላም ቃል ገባችላት። «ካሸነፍኩ የኩባንያዬ የመጀመሪያው ኢቃማ የአንቺ ነው» አለቻት። ያን ዕለት ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ ከአራት ሰው ጋር ተጣብቀን ስንመለስ እትዬ ዘመረች። ሾፌሩ በመስታወት አያት።

ታዲያ እትዬ ሩላን እንደ አርብ ልጆቿ ያዘቻት። መጀመሪያ «ያልሠራሽውን አትመሰክሪም» አለቻትና ሩላ ስድስት ሳምንት አራታችንን፣ እትዬን፣ እኔንና ሁለት ከኻልዳ የሚወጡ ልጆችን፣ ጎረቤቶቿ ቤት እየመደበች አሠራችን። ያም አልበቃትም። «አንድ ቀን ራስሽ ካልሠራሽ አይሆንም።» ሩላ ጓንት አጥልቃ የአክስቷን ምድጃ ፈተገች። እናትየው ደርሰው ሲያዩ ጩኸቱን ተዉት! «ልጄን ሠራተኛ ልታደርጊያት ነው ወይ፣ ቶታ?» እትዬም በእርጋታ «ማዳም፣ ለአንድ ቀን ነው፤ እኔ ዐሥር ዓመት ሆኜዋለሁ» አለቻቸው። ማዳም ማንቆርቆሪያ ጣዱና መረሚያ የሚሉትን የቅጠል ሻይ አፈሉልን። ለእኛ ሻይ ሲያፈሉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ንግግሩን ደግሞ በቲማቲሟ አስጠናቻት። አምስት ላይ ትጠመዝዛታለች። ሩላ ስታሳምር እጅ ይዘረጋል። ስትቸኩል እጅ ይዘረጋል። ቲማቲሟ ከጮኸች በኋላ አንድ ቃል ካወጣች እንደገና ከመጀመሪያው። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ደወሉን ስትሰማ አፏ በራሱ ይዘጋ ጀመር፤ እትዬም ደስ አላት። ምነው ባላሠለጠነቻት!

የውድድሩ ዕለት ሩላ ጋበዘችን። የእሁድ ልብሳችንን፣ እዚህ አገርስ የአርብ ልብሳችንን ማለት ይሻላል፣ ለብሰን ሄድን። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ወላጅ፣ ተማሪ፣ አስተማሪ ሞልቶታል። እኛ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ሰዉ ዞር እያለ ያየናል፤ የማን ልጆች ጠባቂ ናቸው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ዝማሬም አልነበረም። ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።

ሩላ ወጣች። «እኔ» አለች፣ «እስከ ባለፈው ወር ድረስ የገዛ ቤታችንን ምድጃ ከፍቼ አላውቅም ነበር።» ከባሰው ጀመረች! ሰዉ ሳቀ፤ ዳኞቹ ብዕራቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ስለ አራቱ ሴቶች፣ ስለ ስድስቱ ሳምንት፣ ስለ ጎረቤቶቿ ነገረቻቸው። ያየችውን ብቻ። ላቤ ደርቆ ልቤ ሞቀ። ልጅቷ ልታሸንፍ ነው አልኩ፣ በሆዴ።

ይኼኔ ቲማቲሟ ጮኸች።

ከእትዬ ቦርሳ ውስጥ። ትርርርር ብላ፣ በዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ። እትዬ ልጅቷ ስትናገር አብራ ልትቆጥርላት ቦርሳዋ ውስጥ አዙራት ኖሯል፤ እጇ ግን ስንት ዓመት አርብ አርብ የለመደው ሦስት ነው። አምስት ልበል ብላ ሦስት ላይ ጠመዘዘቻት። እሺ ይጩህ፣ ያጋጥማል። ነገር ግን ሩላ ደወሉን ስትሰማ አፏ ተዘጋ። ስለ ኩባንያው ዋናው ነገር ገና አልተነገረም፣ ዓረፍተ ነገሩ እንኳ ግማሽ ላይ ነው። ማይኩን ዝቅ አድርጋ ቆመች፤ እኛው እንዳስተማርናት። ሰዉ ያጉረመርማል። እትዬ ቦርሳውን በሁለት እጇ አፍና «ወየው፣ ወየው» ትላለች። እኔ መቀመጫዬ ሥር ምድር ብትከፈትልኝ ገብቼ ነበር።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰካ መላጣ ዳኛ ሰዓቱን አየና «ከጨረስሽ ሁለት ደቂቃ ተርፏል፤ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ልጠይቅሽ» አላት። «እነዚህ አራት ሴቶች ኢቃማቸው በማን ስም ነው?»

ለዚህ መልስ ተዘጋጅቶለታል። እናቷ ቀደም ብለው «ከተጠየቅሽ ከመክተቡ ናቸው በዪ» ብለዋታል፤ መክተብ የሚሉት ሠራተኛ የሚያስመጣውን ቢሮ ነው። ማን ያጣራል? ሩላ ግን ቀና ብላ ወደ ኋላ፣ ወደ እኛ አየች። እኔም እትዬን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ከዚያ ቀኝ እጇ ከቦርሳው ላይ ተነሳችና ተዘረጋች፣ መዳፏ ወደ ላይ።

«የሁለቱ በአሠሪዎቻቸው ስም ነው፤ ሌላ ቤት ሊሠሩ አይፈቀድላቸውም ነበር» አለች ሩላ። «ከሌሎቹ ሁለት አንዷ የላትም። ከፊሏ ሞቱባት። መናገር ያስተማረችኝ እሷ ናት። የሥራዬ የባሰው ቦታ ይኼ ነው፤ ከዚህ መጀመር ነበረብኝ፣ ግን ፈራሁ።»

ከዚያ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ ሰው «አሜን!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ናት። እንደ አርብ፣ ከሆዷ። ሁለት መቶ ሰው ዞሮ አየን። እኔም ከድንጋጤ የተነሳ «አሜን» አልኩ።

አላሸነፈችም። ያሸነፉት ስለ ውኃ መቆጠቢያ የተናገሩ ልጆች ናቸው። መላጣው ዳኛ «ሕግ የጣሰን ሥራ መሸለም አንችልም» አለ፤ የሰውየው ነገር እውነት ነው፣ አልፈርድበትም። ለሩላ የተሳትፎ ወረቀት ሰጧት። ሰዉ ግቢውን ሳይለቅ እኛ ሹልክ ብለን ወጣን፤ ፖሊስ ይጠራሉ ብዬ እየዞርኩ ወደ ኋላ አይ ነበር። ማንም አልጠራም። ሰርቪስ ውስጥ እትዬ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «በገዛ እጄ፣ ስንቴ። በገዛ እጄ።» ቲማቲሟን ማለቷ ነው ብዬ አጽናናኋት፤ እጅ ይስታል አልኳት።

ከዚያ ሁለት ወር ቆየች። ስትመርጥ፣ ስታመነታ፣ በልቧ ስትጸልይ። በመጨረሻ «ልጄ ፊቴን ትርሳ ወይስ ኮሌጁ ይቅር? ፊቴንስ እንድትረሳ አልፈቅድም» አለችና ቲኬት ቆረጠች። ኤርፖርት የሸኘናት እኔና ሩላ ነን። ሩላ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች፤ ራቅ ብለው ብዙ አወሩ፣ ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። እኔን ስትሰናበተኝ ቲማቲሟን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ለአርብ» አለችኝ። ይኸው ነው። ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድ ቃል! ሚሌኒየሙን ከልጇ ጋር አከበረች። አልተመለሰችም። አዳማ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች ማርታን የማታ ኮሌጅ አስገብታ አስተማረቻት፤ ዘግይቶም ቢሆን ነርስ ሆነች። ኩባንያውም አልተከፈተም። ሩላ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

ባለፈው አርብ ለእትዬ የመታሰቢያ ጸሎት አደረግን። አዳራሹ ያው ነው፤ ልጆቹ ግን አዲስ ናቸው፣ ብዙዎቹ እሷን አያውቋትም። ፊት ወንበር ላይ ቲማቲሟን ጭኔ ላይ አድርጌ የምቀመጠው እኔ ሆኛለሁ። ዝማሬው እንዳለቀ በሩ ተከፈተና ሩላ ገባች፣ ጥቁር ለብሳ። መመስከር እፈልጋለሁ አለች። ማይኩን ሰጠኋት፣ ሦስት ላይ ጠመዘዝኩ፣ አጠገቧ ቆሜም ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ተረጎምኩላት።

«ከባሰው እጀምራለሁ» አለች። ተረጎምኩ። ልጆቹ ፈገግ አሉ።

«የውድድሩ ዕለት ጠዋት ኻልቶ ቶታ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ነበር። ስለ ወረቀት ከጠየቁሽ ስለ ልጄ ብለሽ ዋሺልኝ አለችኝ።»

አልተረጎምኩም። ሰዉ ያየኛል፣ እኔ ሩላን አያለሁ። ያን ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወርጄ ነበር። ስመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሳሙና ገባብኝ አለችኝ። እኔም አመንኳት። ለካስ ያን ቀን ሙሉ ዝም ያለችው ለዚህ ነው። ያልሆነ ነገር አይመሰከርም ብላ ስንቷን ያስቀመጠች ሴት! ከዚያ ተረጎምኩት፤ «ስለ ልጄ ብለሽ ዋሺልኝ» ያለችውንም ጨምሬ፣ ሩላ እንደነገረችኝ።

«እሺ አልኳት» አለች ሩላ። «ልዋሽላት ወስኜ ነው የገባሁት። ሰውየው ሲጠይቀኝ ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ኋላ ያየኋት እንድታበረታኝ ነው። እሷ ግን እጇን ዘረጋችልኝ። ያ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጇን አይታ መመለሷን በዚያ እጅ አሳልፋ ሰጠችው። ኤርፖርት ላይ ይቅርታ ስጠይቃት ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት። እንዲህ አለችኝ...»

ቲማቲሟ ጮኸች።

ሩላ አፏ ተዘጋ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በዚያች ሴት እጅ እንደሠለጠነችው፣ ቃሉን ግማሽ ላይ ትታ ማይኩን ዝቅ አደረገች። ልትሰጠኝም እጇን ዘረጋች።

አልተቀበልኳትም። ቲማቲሟን አነሳሁና እንደገና ሦስት ላይ ጠመዘዝኳት፤ እትዬ ለማንም፣ ለሰባኪም ቢሆን፣ አድርጋው የማታውቀውን። ከዚያ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋሁላት።

«ቀጥዪ» አልኳት፣ በአማርኛ። ገባት።